«ገዳዩን አውቀዋለሁ፤ መጽሐፉን ልቀጥል?»

ጥያቄ

ቲቸር፣ እንደምን ሰነበቱ? የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የምጽፍልዎ ከጅማ፣ ከቦሳ ቂጦ ነው። በክረምቱ የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ መጥታ «ኤ ጉድ ገርልስ ጋይድ ቱ መርደር» የሚለውን ተከታታይ ድራማ በላፕቶፗ አሳየችኝ። ስድስቱንም ክፍል በሁለት ሌሊት ጨረስነው። ስትመለስ መጽሐፉን ትታልኝ ሄደች። 30 ገጽ ያህል አነበብኩና አስቀመጥኩት። ገዳዩን አውቀዋለሁ። እንግሊዝኛውም ያደክመኛል። ፒፕ የሚለውን የዋናዋን ገጸ ባሕርይ ስም ባየሁ ቁጥር ደግሞ የተዋናይዋ ፊት ነው የሚመጣብኝ። ታላቅ ወንድሜ «መልሱን ካየሽ በኋላ ጥያቄውን ትሠሪያለሽ እንዴ?» እያለ ይስቅብኛል። ሌላም ግራ ያጋባኝ ነገር አለ። በድራማው ከተማዋ ሊትል ኪልተን ናት፤ መጽሐፉ ግን ፌርቪው ይላል። ሌላ መጽሐፍ ይሆን? ልቀጥል ወይስ ልተወው?

መልስ

የኔ ልጅ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። መጽሐፉ ያው ራሱ ነው። ደራሲዋ ሆሊ ጃክሰን እንግሊዛዊት ናት። እ.ኤ.አ. በ2019 እንግሊዝ አገር ሲታተም ታሪኩ የሚካሄደው ሊትል ኪልተን በምትባል የፈጠራ ከተማ ነበር። በ2020 አሜሪካ ሲታተም ቦታው ወደ ኮኔቲከት ግዛት ተዛወረ፤ ከተማዋም ፌርቪው ተባለች። አንቺ እጅ የገባው የአሜሪካው እትም ነው። በ2024 የወጣው ድራማ ደግሞ የቢቢሲ ሥራ ስለሆነ የእንግሊዙን ከተማ ይዞ ቀጠለ። ፒፕ ያቺው ፒፕ ናት። ከአምስት ዓመት በፊት አንዲ ቤል የምትባል ተማሪ ጠፍታለች። ከተማው ሁሉ «ፍቅረኛዋ ሳል ሲንግ ገድሏት ራሱን አጠፋ» ብሎ ፋይሉን ዘግቶታል። ፒፕ አላመነችም። የትምህርት ቤት ፕሮጀክቷን ምክንያት አድርጋ፣ ከሳል ወንድም ከራቪ ጋር ሆና ነገሩን ከሥር ትቆፍራለች።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ። ቀጥይ። አደራ ቀጥይ።

ለምን እንደምልሽ ልንገርሽ። ልጅ ሆኜ ፈረንጅ አራዳ እንኖር ነበር። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ የሰፈሩ ሰው ሬዲዮ ያለበት ቤት ይሰበሰባል። እኔ በር ላይ በርጩማ ይዤ እቀመጣለሁ። የጅማን ዝናብ ታውቂዋለሽ። ቆርቆሮውን መምታት ሲጀምር የወጋየሁ ድምፅ ይዋጣል። እናቶች ጆሯቸውን ወደ ሬዲዮው ያስጠጋሉ፤ እኛ ልጆቹ ምንም አይሰማንም። ዝናቡ ሲያባራ ታሪኩ ሄዷል።

ከዓመታት በኋላ መጽሐፉን አገኘሁት። በዛብህና ሰብለ ወንጌል መጨረሻቸው ምን እንደሆነ አውቅ ነበር። ያነበብኩት ዝናቡ የወሰደብኝን ለማግኘት ነው። እናም የጎደለብኝ ካሰብኩት በላይ ብዙ ነበር። ገጹን ስገልጥ የሚሰማኝ የወጋየሁ ድምፅ ነበር፤ ዛሬም ይሰማኛል። ከንባቡ አላገደኝም። ስለዚህ የተዋናይዋን ፊት ለማባረር አትታገይ። ይምጣ። መጽሐፉ ውስጥ ፒፕ ለራሷ ብቻ የምትናገረው ብዙ አለ፤ እሱን ስታነቢ ፊቱን እየረሳሽው ትሄጃለሽ።

ለወንድምሽ ደግሞ እንዲህ በይው፦ የሒሳብ አስተማሪው መልሱን ብቻ ለጻፈ ተማሪ ሙሉ ማርክ ይሰጣል? «አሠራሩን አሳይ» አይደል የሚለው? የወንጀል ታሪክም አሠራር አለው። አንቺ ያየሽው መልሱን ነው።

እርሳስ ያዢ። ገዳይ መሆኑን የምታውቂው ያ ሰው የታየበት ገጽ ሁሉ ጠርዙ ላይ ትንሽ ምልክት አድርጊ። (በአማርኛ ግሡ ራሱ ወንድ ይሁን ሴት ያሳብቃል። «ያ ሰው» ስል ወንድ ነው ማለቴ አይደለም፤ ድራማውን ላላዩት ምስጢር ላለማውጣት ነው።) መጀመሪያ የመጣው የት ነው? ምን እያደረገ? አጠገቡ ማን ነበር? ዓይንሽን ወደ ሌላ የሳበው ምንድን ነው? ጎበዝ ደራሲ ፍንጩን አይደብቅም፤ ፊት ለፊት አስቀምጦ አንቺን ያዘናጋል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያነብ ሰው ይህን ማየት አይችልም፤ ተጠርጣሪ ፍለጋ ላይ ነዋ። አንቺ ትችያለሽ። ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ የንባብ ደስታ የለም።

ድራማውን አልንቅም። የሰው ፊት ላይ ያለ ፍርሃት በስክሪን ሲታይ ሌላ ነው። ግን 400 ገጽ ያህል የሆነ መጽሐፍ ስድስት ክፍል ውስጥ ሲገባ የሚቀር ይቀራል። ፒፕ በየጊዜው የምትጽፈው የፕሮጀክት ማስታወሻ አለ። ያነጋገረቻቸው ሰዎች ቃል ጥያቄና መልሱ እንዳለ ተገልብጧል። የተጠርጣሪዎች ዝርዝር አለ፤ እየጨመረ ይሄዳል። ገጽ መልሰሽ «ይሄ ሰው ቀደም ብሎ ምን ብሎ ነበር?» ማለት ትችያለሽ። መብራት ቢጠፋም በሻማ ይነበባል።

እንግሊዝኛው ያደክማል ላልሽው፣ እዚህ ላይ ድራማውን ማየትሽ ጠቅሞሻል። ታሪኩን ስለምታውቂ በየቃሉ መዝገበ ቃላት አትግለጪ። አንድ ቃል ሦስት ጊዜ ከመጣብሽ ብቻ ፈልጊው። ስታስተምር የኖረች ሰው ምክር ነው፦ ተማሪዎቼ ንባብ የሚተዉት ቃል ስለከበዳቸው ሳይሆን በየመስመሩ ስለሚቆሙ ነው። ከቃለ መጠይቆቹ ጀምሪ። የንግግር እንግሊዝኛ ስለሆኑ አጫጭር ናቸው። ወንድምሽን አስቀምጪና ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ፤ አንቺ ጠያቂ፣ እሱ ተጠያቂ። መሳቁን ይተዋል።

አንድ ነገር ግን ልብ በይ። መጽሐፉ ውስጥ አደንዛዥ ዕፅም፣ ጾታዊ ጥቃትም አለ። ለአንቺ ዕድሜ የተጻፈ ቢሆንም የሚከብድሽ ቦታ ካጋጠመሽ ክደኚውና ከአክስትሽ ልጅ ወይም ከምታምኚያት ሰው ጋር አውሪበት። ቤት ውስጥ ትንንሽ ልጆች ካሉ ለእነሱ አታንብቢላቸው።

ይህንን ስትጨርሺ የ2020ውን ሁለተኛ መጽሐፍ፣ «ጉድ ገርል፣ ባድ ብለድ»ን፣ ፈልጊ። እሱን ግን በድራማ ከማየትሽ በፊት አንብቢው። ግማሹ ላይ ስትደርሺ ቁሚና የጠረጠርሽውን ሰው ስም በወረቀት ጽፈሽ ላኪልኝ። እኔም ግማሹ ላይ ቆሜ እጠብቅሻለሁ።