ሳንታ ፌ ማሰሮ ልትገዢ ለምትሄጂው እህቴ

«ሥዕል የተጫረበት የፑዌብሎ ጥቁር ማሰሮ ልገዛ ነው። አንዱ ሱቅ 90 ዶላር፣ ሌላው 600 አለኝ። ምንድን ነው ልዩነቱ?» ብለሽ ጠይቀሻል። (ፑዌብሎ የሚባሉት አሜሪካ ውስጥ በኒው ሜክሲኮ አካባቢ የሚኖሩ የአገሬው ተወላጆች ናቸው።) ሁለቱንም ዓይነት ገዝቻለሁ። አንዱ ላይ ተበላሁ፣ ሌላውን በገዛ እጄ አበላሸሁ።

1. ውስጡን እዪ። ርካሹ ብዙ ጊዜ ፈሳሽ ጭቃ ፎርማ ውስጥ ተገልብጦ የወጣ ነው። ግድግዳው ዙሪያውን እኩል፣ ውስጡ ነጭ ነው። ቀለሙ ያለው ውጭው ላይ ብቻ ነው፤ እሱ ሲጫር ነጩ ብቅ ይላል። በእጅ የሚሠራው ግን እንደኛዎቹ ሸክላ ሠሪዎች ጭቃው እንደ ገመድ እየተድበለበለ፣ እየተደራረበ ነው የሚቆመው። እጅሽን ስታስገቢ ወጣ ገባ ይልሻል። ውጭው በለስላሳ ድንጋይ ይወለወላል። ሲተኮስ እሳቱ በደቀቀ ፍግ ይታፈንና ጭሱ ያጠቁረዋል። ጫሪው በስለት ሲፍቀው ከጥቁሩ ሥር ያለው ፈዘዝ ያለ መልክ ይወጣል። ሳንታ ክላራ በምትባለው የፑዌብሎ መንደር ይህን የመጫር ሙያ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያስጠሩት ጆሴፍ ሎንዎልፍና እህቱ ግሬስ ሜዲሲን ፍላወር ናቸው። አክስታቸው ማርጋሬት ታፎያ የምትታወቀው ግን ጭቃውን በጥልቁ በመቅረጽ ነው። ያ ሌላ ሙያ ነው፣ እንዳታምታቺው።

2. የሻጩን ቃል ስሚ። እኔ የተበላሁት እዚህ ላይ ነው። «በእጅ የተጫረ ነው፣ ሠሪውም የአገሬው ተወላጅ ነው» አለኝ። ሁለቱም እውነት! «በእጅ የተሠራ» ግን አላለም፣ እኔም አልጠየቅኩም፤ ማሰሮው ለካ የፎርማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣ ሕግ አለ፤ ተወላጆች ያልሠሩትን የነሱ ነው ብሎ መሸጥ ያስቀጣል። የፎርማ ማሰሮ ላይ ተወላጅ ከጫረበት ግን ነገሩ ይወሳሰባል። በማግስቱ ልመልስ ብሄድ ሰውየው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ ደረሰኙ ላይ «ተመላሽ የለም» የሚለውን በጣቱ ነካ ነካ አደረገልኝ። የጣቱ ነገር እስካሁን ያናድደኛል።

3. ከቻልሽ ከሠሪው እጅ ግዢ። ሳንታ ፌ መሃል ባለው አሮጌ ሕንፃ፣ የገዥዎች ቤተ መንግሥት (Palace of the Governors) በሚባለው፣ በረንዳው ሥር ሥራቸውን መሬት ላይ ዘርግተው የሚሸጡ አሉ። እዚያ የሚሸጠው ሻጩ ራሱ ወይም ቤተሰቡ የሠራው ነው፤ የፎርማ ማሰሮ አይፈቀድም። እኔም መዳፍ የምታህል አንዲት ጥቁር ማሰሮ በ450 ዶላር ገዛሁ። ዙሪያዋን ቀንዳሙ የውሃ እባብ፣ አቫንዩ የሚሉት፣ ተጭሮባታል። አልተከራከርኩም። ሠሪዋ ሴትዮ ስንት ቀን እንደወለወለቻት ስትነግረኝ እናቴ ምጣድ ስታሰማምር ትዝ አለችኝ።

4... አራተኛው ምክር እንኳ አይደለም፣ ቅሌቴ ነው። ዴንቨር ቤቴ ገባሁ። አዲስ ሸክላ አየሁ። ያደግኩበት ቤት አዲስ ጀበና ሳይሟሽ ቡና አይፈላበትም። እጄ ሳላስበው ሄደና አሟሸኋት! ሞቅ ያለ ውሃ ሞልቼ አሳደርኳት። ጠዋት ጠረጴዛው ረጥቧል። ውሃው በግድግዳዋ አልፎ ወጥቷል። እንደ መስታወት የምታበራው ገላዋ ተዥጎርጉሯል፣ አንድ ጎኗም ተልጧል። ይህ ሸክላ የሚተኮሰው በዝቅተኛ ሙቀት ነው፤ ውሃ ይጠጣል፣ ውልውሉም ይለቃል። የውሃ እባብ የተሣለባትን በውሃ ገደልኳት።

እርጥብ ጨርቅ አታስነኪው፣ ዘይት አትቀቢው፣ አበባ አታስገቢበት። አቧራውን በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ብቻ አንሺ።

በሚቀጥለው ዓመት ሴትዮዋን ፈልጌ ፎቶውን አሳየኋት። ይጠገናል ወይ ብላት አይሆንም ብላ ራሷን ነቀነቀች። ስለ ጀበና ስነግራት ግን ከት ብላ ሳቀች፤ እንዴት እንደሚሟሽም አስረዳኋት። ማሰሮዋ አሁንም መደርደሪያዬ ላይ አለች፣ የተላጠው ጎኗ ወደ ግድግዳ ዞሮ።

የ600ውን ማሰሮ ውስጡን ፎቶ አንሺና እዚሁ ለጥፊልኝ፣ አይቼ እነግርሻለሁ።