በሁለት ሩቅ አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል ያለውን ርቀት ስለማስላት ለቀረበው ጥያቄ

ጠያቂያችን፣ በኤክሴል ያዘጋጁት ቀመር ከኒው ዮርክ ለንደን 5,540 ኪሎ ሜትር ብሎ ልኩን ሲሰጥዎት፣ ከኒው ዮርክ ቶኪዮ ግን 5,700 ኪሎ ሜትር የሚል የማይታመን ቁጥር እንዳወጣ ጽፈዋል። ቀመርዎ ጤነኛ ይመስለኛል፤ ችግሩ የሚያስገቡት ቁጥር ላይ ነው።

1. የምዕራብ ኬንትሮስ ከፊቱ የመቀነስ ምልክት ሊኖረው ይገባል። የኒው ዮርኩ ኬኔዲ ማረፊያ 73.78፣ የለንደኑ ሂትሮው ደግሞ 0.45 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ስለሚገኙ፣ ምልክቱን ከሁለቱም ላይ ቢተዉትም በመካከላቸው ያለው ልዩነት አይለወጥም፤ የለንደኑ ውጤት ትክክል የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። የቶኪዮው ማረፊያ ናሪታ ግን 140.39 ዲግሪ ምሥራቅ ነው። ምልክቱ ሲቀር ቀመሩ ኒው ዮርክን ወስዶ ኪርጊዝስታን ላይ ስለሚያስቀምጣት ርቀቱ በግማሽ ያህል ያንሳል፤ ትክክለኛው 10,830 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ቀመርዎን ሁልጊዜ አንዱ በምሥራቅ፣ ሌላው በምዕራብ በሚገኝ ጥንድ ይፈትኑት።

2. አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ ስለሆነ፣ 40 ዲግሪ ከ38 ደቂቃ ማለት 40.63 እንጂ 40.38 አይደለም። በኬክሮስ ላይ ይህ ብቻውን 28 ኪሎ ሜትር ያህል ያዛባል።

3. የርቀት መለኪያውን ከቁጥሩ አይለዩት። እኔን ብዙ ያንገላታኝ ይህ ነው። የጉዞ ሰነድ ለሚመረምር አንድ ቢሮ ይኸንኑ የኒው ዮርክና የለንደን ርቀት በኪሎ ሜትር ጽፌ ሳቀርብ፣ ሠራተኛው ከራሱ ሠንጠረዥ 2,990 የሚል ቁጥር አውጥቶ፣ የየብስ ማይል መስሎት በ1.609 አባዛና 4,811 አገኘ፤ ከዚያም ከሰባት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ አጋንነህ ጽፈሃል ብሎ ሰነዱን በሰው ፊት መለሰልኝ። ቁጥሩ የባሕር ማይል ስለነበር መባዛት የነበረበት በ1.852 ነው። ይህን ባስረዳውም ቀና ብሎ ሊያየኝ እንኳ አልፈቀደም፤ ክፍያዬም ታግዶ ቆየ። በመጨረሻ ስሌቱን በእጄ ሠርቼ ለኃላፊው አቀረብኩ፦ ሁለቱ ማረፊያዎች በምድር መካከል ላይ የሚፈጥሩት ማዕዘን 49.83 ዲግሪ ነው፤ አንድ ዲግሪ 60 የባሕር ማይል ያህል ስለሆነ 2,990 ይመጣል፤ ይህም በ1.852 ሲባዛ 5,537 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ኃላፊው እዚያው ካልኩሌተር አንሥቶ አረጋገጠና ፈረመልኝ። ይቅርታ የጠየቀኝ ሰው ባይኖርም፣ ከዚያ ወዲህ በሠንጠረዡ ራስጌ ላይ «የባሕር ማይል» የሚል ጽሑፍ መጨመሩን በዓይኔ አይቻለሁ፤ በዚህም እኮራለሁ።

እርስዎም ውጤቱን ለቢሮ የሚያቀርቡት ከሆነ፣ የሚፈልጉት በምድር ገጽ ላይ ያለውን አጭሩን መስመር ይሁን ወይስ አውሮፕላኑ በትክክል የበረረውን አስቀድመው በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ነፋስና የተዘጋ የአየር ክልል መንገዱን ስለሚያስረዝሙት ሁለቱ አይገጥሙም። ምድር ፍጹም ክብ ስላልሆነችም በ6,371 ኪሎ ሜትር ሬዲየስ የተሠራ ስሌት እስከ ግማሽ በመቶ ድረስ ሊዛነፍ ይችላል፤ በጥቂት ኪሎ ሜትር ልዩነት አይጨነቁ።

ምልክቶቹን አስተካክለው ቶኪዮ አሁንም 5,700 ካለዎት፣ ያስገቧቸውን አራቱን ቁጥሮች እዚህ ይጻፉልን፤ እኔው አሰላዋለሁ።