«ሊንክ እንለዋወጥ» ላሉዎት ሰው ምን ይመልሱ?

አርባ ምንጭ ውስጥ ዘጠኝ ክፍል ያለው የእንግዳ ማረፊያ የሚያስተዳድሩ አንባቢ የላኩልኝ ጥያቄ ሲያጥር እንዲህ ይላል፦ «አንድ ሰው ደውሎ 80 ድረ ገጾች በእጁ እንዳሉ ነገረኝ። እኔ የእነሱን ሊንክ ገጼ ላይ ካስቀመጥኩ እነሱም የእኔን ያስቀምጣሉ፤ በሦስት ወር ውስጥ ጉግል ላይ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ትወጣለህ አለኝ። የሚጠይቀው ክፍያ ብዙ አይደለም። ከዚህ በፊትም ድረ ገጹን የሠራልኝ ልጅ ‹አጋሮቻችን› የሚል ገጽ ከፍቶ ብዙ ሊንክ ሰብስቦበታል። ይህ ነገር ይጠቅማል? ወይስ ያስቀጣል?»

ከ80ዎቹ ጋር አይለዋወጡ፤ ብሩንም አይክፈሉ። ለጥያቄዎ ይህ አንድ መስመር ይበቃው ነበር። ነገር ግን የድረ ገጽዎን ጓዳ እንዳይ ስለፈቀዱልኝ ገብቼ ስመለከት ከጠየቁኝ ጉዳይ የበለጠ የሚያሳስብ ነገር አጋጠመኝ። ወደ እሱ እደርሳለሁ።

በመጀመሪያ ሊንክ ዋጋ ያገኘበትን ምክንያት እናንሣ። እ.ኤ.አ. በ1998 ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳሉ ያቀረቡት ሐሳብ ቀላል ነበር። አንድ ገጽ ወደ ሌላ ገጽ ሲያመለክት ስለዚያ ገጽ እንደ መሰከረ ይቆጠር፤ መስካሪው ራሱ ብዙ የተመሰከረለት ከሆነ ደግሞ ቃሉ ይበልጥ ይክበድ። ፔጅራንክ ያሉት ይህን ስሌት ነው። ሰዎች በስሌቱ ውስጥ የሚዘነጉት ታዲያ የገጹ ክብደት በላዩ ላሉት ሊንኮች የሚካፈል መሆኑን ነው። የእርስዎ «አጋሮቻችን» 52 ሊንኮች አሉት፤ ቁጭ ብዬ ቆጥሬአቸዋለሁ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ከ52 አንድ እጅ ነው። በወዲያኛው በኩል ያለው ሰው ገጽም እንዲሁ ለ60 ወይም ለ80 ተሸንሽኗል። ፍርፋሪ ሰጥተው ፍርፋሪ ይቀበላሉ ማለት ነው።

ሒሳቡን ትተን በለመድነው ነገር እንየው። ሥራ ሊቀጠሩ ሄደው ዋስ ሲጠየቁ፣ ዋሱ ደመወዝ ያለው፣ መሥሪያ ቤቱም ደብዳቤ የሚጽፍለት ሰው መሆን አለበት። ሁለት ሥራ ፈላጊዎች «አንተ ለእኔ ፈርም፣ እኔም ለአንተ እፈርማለሁ» ተባብለው ቢቀርቡ የሰው ኃይል ሠራተኛዋ ወረቀቱን አንብባ ሳትጨርስ ትመልስላቸዋለች። ጉግልም ከብዙ ዓመታት ጀምሮ የሚሠራው እንደ እሷ ነው። አጭበርባሪ አሠራርን በሚከለክለው ደንቡ ውስጥ «ወደ እኔ አገናኝ፣ እኔም ወደ አንተ አገናኛለሁ» የሚለውን ከመጠን ያለፈ ልውውጥ፣ እንዲሁም ለመጠቋቆም ብቻ ተብለው የተከፈቱ የአጋር ገጾችን ለይቶ ጠቅሷል።

እኔም በዚህ ጉዳይ እጄ ንጹሕ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 አዲስ አበባ ውስጥ ላለ መኪና አከራይ ድረ ገጽ ስሠራ የዘመኑ ብልኃት ሊንክ መለዋወጥ ነበርና፣ ኢንተርኔቱ ፈጠን የሚልበትን ሌሊት ጠብቄ ለማላውቃቸው ሰዎች ኢሜይል ስጽፍ አነጋ ነበር። ያን ጊዜ በብራውዘሩ አናት ላይ የገጹን ፔጅራንክ ከ0 እስከ 10 የምታሳይ አረንጓዴ መስመር ነበረች። ከ2 ወደ 3 ከፍ ያለች ዕለት ለደንበኛዬ ደውዬ «እንኳን ደስ አለዎት» ብያለሁ። ከህንድ ልብስ ሻጭ፣ ከፖላንድ መስኮት ሠሪ፣ ከየአገሩ 140 ሊንክ ሰበሰብኩ፤ ከእነዚያ ገጾች መጥቶ መኪና የተከራየ ሰው ግን አንድም አልነበረም። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2012 ጉግል በተቀነባበረ ሊንክ ከፍ ያሉ ድረ ገጾችን የሚያወርደውን ፔንግዊን የተባለ ማሻሻያ ሲያወጣ ድረ ገጹ ከፊተኛው ረድፍ ጠፋ፤ የት እንደገባ ለማወቅ አምስት ገጽ መግለጥ ነበረብኝ። ሊንኮቹን ማስነሣት ከመሰብሰቡ የባሰ ሥራ ሆነ። ግማሾቹ ባለቤቶች ኢሜይል አይመልሱም፤ ሁለቱ ደግሞ ለማንሣት ገንዘብ ጠየቁኝ። ጉግል አረንጓዴዋን መስመር እ.ኤ.አ. በ2016 አስወግዷታል። አልናፈቀችኝም።

ያስቀጣል ወይ ላሉት፣ ነገሩ እንደዚያን ጊዜው አይደለም። እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2016 ወዲህ ፔንግዊን የዋናው ስሌት አካል ሆኗል። የተቀነባበረ ሊንክ ሲያገኝ አብዛኛውን ጊዜ ድረ ገጹን ከማውረድ ይልቅ ሊንኩን እንዳልነበረ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ከደዋዩ ሰው ጋር ቢዋዋሉ ዋናው ጉዳትዎ የሚወጣው ብርና የሚባክነው ጊዜ ነው። የከፋው ቅጣት የጉግል ሠራተኛ አይቶ በእጁ የሚጥለው ነው። እሱ ሲመጣ ሰርች ኮንሶል በተባለው፣ ጉግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች በነፃ በሚሰጠው መከታተያ ውስጥ «ማኑዋል አክሽንስ» በሚለው ክፍል በጽሑፍ ይነገርዎታል፤ ዛሬ ጠዋት ከፍቼ አይቼዋለሁ፣ የእርስዎ ባዶ ነው። ትልልቆቹን እንኳ አይምርም። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2011 ኒውዮርክ ታይምስ ጄሲ ፔኒ ወደተባለው የአሜሪካ መደብር የሚያመለክቱ በሺዎች የሚቆጠሩ የተገዙ ሊንኮችን አጋለጠ። ድርጅቱ እኔ አላዘዝኩም ቢልም በገና ገበያ ሰሞን በአንደኝነት ሲታይባቸው በነበሩ አንዳንድ ቃላት ወደ 70ኛ ገደማ ወረደ። የእርስዎ ደዋይ ገንዘብ ስለሚቀበል ነገሩ ከልውውጥ አልፎ ግዢ ሆኗል፤ ጉግል ደግሞ ግዢን በበለጠ ጥብቅ ዓይን ያያል።

እንዲህ ሲሉት ሰውየው «ልውውጡ እኮ ፊት ለፊት አይደለም» ማለቱ አይቀርም። እርስዎ ወደ አንዱ ያመለክታሉ፣ እሱ ወደ ሌላው፣ ያ ሌላው ወደ እርስዎ፤ ጉግል በምን ያውቃል? ጉግል እኮ የሁሉንም ሊንኮች ካርታ ከላይ ሆኖ ነው የሚያየው። 80 ድረ ገጾች እርስ በርሳቸው ብቻ ሲጠቋቆሙና ከውጭ ማንም ወደ እነሱ ሳይመጣ ሲቀር ካርታው ላይ እንደ ደሴት ለብቻቸው ይታያሉ። ደሴቱ ላይ ዙሪያ ጥምጥም ቢሄዱ ከየብስ አይደርሱም።

«በሦስት ወር የመጀመሪያው ገጽ» ሲልዎት ደግሞ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁት፦ «በየትኛው ቃል?» እነዚህ ሰዎች ቀኑ ሲደርስ የማረፊያዎን ስም ጽፈው አንደኛ መውጣቱን በኩራት ያሳዩዎታል። በስምዎ ማን ሊወዳደርዎት? ዛሬም አንደኛ ነዎት፤ ሞክሬዋለሁ። «አርባ ምንጭ ማረፊያ» ብሎ ለሚፈልግ ሰው ከላይ የሚወጣለት ካርታው ነው። እዚያ የሚጠቅምዎት ማረፊያዎን በነፃ በጉግል ካርታ ላይ ማስመዝገብ፣ ስልኩንና ፎቶግራፎቹን ማስተካከል፣ ያደሩ እንግዶችም አስተያየት እንዲተዉ መጠየቅ ነው።

እንግዲህ ከማንም ጋር አልጠቋቆምም ብለው በር እንዳይዘጉ። ደንቡ የሚለው «ከመጠን ያለፈ» ነው። እርስዎ እንግዳ ወደ ጫሞ ሐይቅ ሲልኩ አዞውንና ጉማሬውን የሚያሳዩት የጀልባ ሰዎች አሉ፤ ዶርዜ ላይ ሽመናውን የሚያሳይ ቤተሰብ አለ፤ ኮንሶ ውስጥ የእርከኑን መሬት የሚያስጎበኝ መሪ አለ። ከእነዚህ ድረ ገጽ ያላቸው ወደ እርስዎ ቢያመለክቱ፣ እርስዎም ወደ እነሱ ቢያመለክቱ ማንም አይቆጣም፤ ባትጠቋቆሙ ነው የሚገርመው። ሊንኩን ግን «አጋሮቻችን» ውስጥ አይደርድሩት። ስለ ጫሞ በሚያወራው ገጽ ላይ፣ እንግዳው ጀልባ ከየት እንደሚነሣ በሚያነብበት መስመር ላይ ያስገቡት። የሚጫነውም ጽሑፍ «እዚህ ይጫኑ» ከሚሆን «የጫሞ ጀልባ» ቢሆን ሰውም ማሽንም ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። እርስዎ ገንዘብ ተቀብለው የሚያስቀምጡት ማስታወቂያ ካለ ሠሪው «ስፖንሰርድ» የሚለውን ምልክት በኮዱ ውስጥ ያድርግበት፤ በዚህ ምልክት ጉግል ሊንኩ የተከፈለበት መሆኑን ያውቃል፣ እርስዎም ከጥርጣሬ ነፃ ይሆናሉ።

አሁን ወደ ጓዳዎ። ከ52ቱ ሊንኮች 14ቱ አይከፈቱም። አንዱ ድሮ የሐዋሳ ሆቴል ነበረ፤ ባለቤቶቹ የአድራሻውን ዓመታዊ ክፍያ ሳያድሱ ቀርተው ሌላ ሰው ስለ ገዛው ዛሬ ሲጫኑት በማላውቀው ቋንቋ የተጻፈ የቁማር ቤት ይከፈታል። ስምዎ ከላይ፣ ቁማር ቤቱ ከታች፤ ልጆቻቸውን ይዘው ሊያርፉ ያሰቡ እንግዶች ይህን ቢጫኑ ምን እንደሚሉ ያስቡት። ሌሎቹን አንድ በአንድ ሳያቸው እርስዎ በእርግጥ አብረዋቸው የሚሠሩ አምስት ብቻ መሰሉኝ፤ ከተሳሳትኩ ያርሙኝ። እነሱን እንዳልኩት ወደየቦታቸው ያዛውሩና ገጹን ይሰርዙት። ስለ ቀሩት ሊንኮች ለጉግል «አልቀበልም» ብሎ ማመልከቻ የሚያስገቡበት መሣሪያ እንዳለ ሰምተው ይሆናል። አለ፤ ቅጣት ላልደረሰበት ሰው ግን አያስፈልግም፤ አይንኩት።

የባሰ ያልኩት ነገር ይህ ነው። ድረ ገጹ ባለፈው ዓመት እንደ አዲስ ሲሠራ የገጾቹ አድራሻ ሁሉ ተቀይሯል። ድሮ ስለ ዶርዜ የጻፉት ረጅም ገጽ ነበረዎት፤ ከአርባ ምንጭ በምን እንደሚወጣ፣ ገበያው በየትኛው ቀን እንደሚውል፣ ከቀርከሃና ከእንሰት ቅጠል የሚሠራው ቤት እንዴት እንደሚቆም፣ ቆጮው እንዴት እንደሚጋገር። ወደዚያ ገጽ ሰባት ድረ ገጾች ያመለክታሉ። ሁለቱ የተጓዦች ማስታወሻ ናቸው፤ አንዱ ተማሪዎቹን ይዞ የመጣ የውጭ አገር ኮሌጅ ገጽ ነው፤ የቀሩትም ከእርስዎ ምንም ያልተቀበሉ ሰዎች ናቸው። ማንም ሳይለምናቸው የመሰከሩልዎት እነዚህ ናቸው። ዛሬ ያን ሊንክ የሚጫን ሰው «ገጹ አልተገኘም» የሚል ነጭ ገጽ ላይ ይወድቃል። ጉግልም እዚያው ይወድቃል፤ ምስክርነቱ የሚያርፍበት ቤት የለውም። በአዲሱ ድረ ገጽ ላይ ስለ ዶርዜ ያለው አንድ ሥዕልና ሦስት መስመር ነው። እርስዎ ሊንክ ለመለዋወጥ ዋጋ ሲነጋገሩ ያለዎት ሊንክ ሜዳ ላይ ፈስሶ ነበር።

ጥገናው ቀላል ነው። የድሮውን ጽሑፍ በአዲሱ ገጽ ላይ መልሰው ያስገቡ። ከዚያ ሠሪው የድሮውን አድራሻ ወደ አዲሱ በቋሚ ማዞሪያ ያዙረው፤ 301 ይሉታል፣ ድረ ገጽዎ የተሠራበት ዎርድፕረስ የተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ይህን የሚያደርግ ተቀጥላ አለው። ሰነፍ ሠሪ ሁሉንም የድሮ አድራሻ ወደ መነሻው ገጽ ያዞርና ጨረስኩ ይላል፤ ጉግል ግን ይህን እንደጠፋ ገጽ ነው የሚቆጥረው። ዶርዜ ወደ ዶርዜ፣ ጫሞ ወደ ጫሞ፣ የክፍል ዋጋ ወደ ክፍል ዋጋ መዞር አለበት። እግረ መንገዴን፣ አዲሶቹ የአማርኛ ገጾች አድራሻ በፊደላችን መጻፉ ክፋት የለውም፤ ሆኖም ገልብጠው ቴሌግራም ላይ ሲለጥፉት አንዱ ፊደል ዘጠኝ ምልክት ሆኖ ሊበተን ይችላል። «ዶርዜ» ብቻዋን 27 ትሆናለች፤ ሰዎችም ከመሐል ቆርጠው ይልኩታል። አድራሻውን በላቲን ፊደል ያሳጥሩት፤ ርእሱና ጽሑፉ በአማርኛ ይቆይ። ይህንንም አሁኑኑ ከማዞሪያው ጋር አንድ ላይ ያስጨርሱት፤ አድራሻ ሁለት ጊዜ መቀየር ጥሩ አይደለም።

ሲጨርስ የድሮውን አድራሻ እርስዎ ራስዎ በስልክዎ ከፍተው ይመልከቱ፤ ቃሉን ብቻ አይመኑ። በሰርች ኮንሶል ያለው የጠፉ ገጾች ዝርዝርም በሚቀጥሉት ሳምንታት እየቀነሰ መሄድ አለበት። ሠሪው የድሮው ጽሑፍ ጠፍቷል ካለዎት ዌይባክ ማሽን በተባለው የድረ ገጾች ማኅደር ላይ ሙሉውን አግኝቼዋለሁ፤ ከዚህ መልስ ጋር አብሬ ልኬልዎታለሁ። ፎቶግራፎቹ ግን አልተረፉም፤ ዶርዜ ወጥተው እንደገና ማንሣት ይኖርብዎታል።