ሜዳው የማን ነው? የኳስ ጌም ለምትሠሩ ልጆች

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ቅዳሜ ላፕቶፕ ተሸክማችሁ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ድረስ የመጣችሁት ሦስታችሁ፣ እንደ እናንተ የኳስ ጌም ለመሥራት የምትታገሉ ሌሎችም ይህን አንብቡልኝ። ያን ቀን ሙቀቱ አዳክሞኝ ግማሹን ብቻ ነው የመለስኩላችሁ።

በሜዳው የሚጫወት ቡድን የማሸነፍ ዕድሉ ከፍ ስለሚል ጌማችሁ ውስጥ ብልጫ ልትሰጡት ፈልጋችሁ ነበር፤ ጥያቄያችሁም አጭር ነበር። «ቲቸር፣ ለባለሜዳው ስንት እንጨምርለት?»

እኔም በጊዜዬ የጠየቅኩት ይህንኑ ነው። ስታቲስቲክስ ሳስተምር ለክፍል ማሳያ ብዬ የሊግ ጨዋታዎችን በኮምፒውተር አስመስላ የምታጫውት አንዲት ትንሽ ሲሙሌሽን ጽፌ ነበር። ኳስ በመቆጣጠር ላይ ለባለሜዳው 10 በመቶ ጨመርኩ። ከሳምንት በኋላ የጎል ሙከራ ላይ ሌላ 10። ሙከራው ጎል የመሆን ዕድሉ ላይም እንዲሁ 10። እንግዳው ላይ ደግሞ በየቦታው ያንኑ ያህል ቀነስኩ። እያንዳንዷ ትንሽ ስለነበረች ከቁም ነገር አልቆጠርኳትም።

ከዚያ የውድድር ዘመኑን 1000 ጊዜ አስኬድኩት። ባለሜዳ ከግማሽ በላይ ጨዋታ ያሸንፋል። ወራጅ ቀጠና ያለ ቡድን በሜዳው ሻምፒዮኑን እንደ ሕፃን ይጫወትበታል። አንዱ ተማሪ ከኋላ ወንበር «አቦ ቲቸር፣ ይሄ ሜዳ ነው የጠንቋይ ቤት?» አለኝ። ክፍሉ ሳቅ በሳቅ ሆነ፤ እኔን ሼም ያዘኝ። ማታ ወረቀት ላይ ሠራሁት። 1.1 በ1.1፣ እንደገና በ1.1 ሲባዛ 1.331 ነው። 10 በመቶ የሰጠሁ መስሎኝ 33 በመቶ አድያለሁ፤ ከእንግዳው የቀነስኩትን ሳይጨምር።

ስለዚህ መጀመሪያ ከጎሉ ተነሡ። እኩል አቅም ያላቸው ሁለት ቡድኖች ውሰዱ። ባለሜዳው በአማካይ 1.5፣ እንግዳው 1.2 ጎል ያግባ በሉና በፖይሶን ስርጭት (ከአማካዩ ተነሥቶ 0፣ 1፣ 2… ጎል የመግባት ዕድሉን በሚሰጠው ቀመር) አስሉት። ከ100 ጨዋታ ባለሜዳው 44 ያህሉን ያሸንፋል፣ እንግዳው 30 ያህሉን፣ ቀሪው አቻ ነው። በትልልቆቹ የአውሮፓ ሊጎች ለዓመታት ሲታይ የኖረው ከዚህ ብዙ አይርቅም። ልዩነቱ በጨዋታ 0.3 ጎል ናት። ይህቺን አንድ ቦታ ብቻ አስገቧት። በኋላ ወደ ዳኛ፣ ወደ ደጋፊ፣ ወደ ድካም መከፋፈል ከፈለጋችሁ ክፈሏት፤ ድምሩ ግን ከ0.3 እንዳያልፍ።

መከፋፈሉ ላይ ነው ጨዋታው የሚጣፍጠው። እናንተ ደጋፊ ሲጮህ የአጥቂውን ፍጥነት ከፍ አድርጋችኋል። እኔ ግን መጀመሪያ ዳኛውን ነው የማየው። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ አንድ ጥናት 40 እንግሊዛዊ ዳኞች የአንድ ጨዋታ ቪዲዮ አዩ። ገሚሱ ከነጩኸቱ፣ ገሚሱ ያለ ድምፅ። ጩኸቱን የሰሙት በባለሜዳው ላይ የሰጡት ጥፋት ካልሰሙት በ15 በመቶ ገደማ አነሰ። በስፔን ሊግም ባለሜዳው በአንድ ጎል ሲመራ የባከነ ሰዓት እንደሚያጥር፣ በአንድ ጎል ሲበለጥ ደግሞ እንደሚረዝም ተመራማሪዎች ቆጥረው አሳይተዋል። ዳኛው ጉቦ አልበላም። ጆሮ ስላለው ብቻ ነው። ስለዚህ በጌማችሁ ውስጥ ጩኸቱ እግር ላይ ብቻ ሳይሆን ፊሽካው ላይም ይረፍ።

ኮሮና ሜዳዎቹን ባዶ ሲያደርግ ይህ ሁሉ በአደባባይ ተፈተነ። በ2020/21 የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ባለሜዳዎች 144 ጨዋታ፣ እንግዶች 153 አሸነፉ። በዚያ አገር ከፍተኛው ሊግ ታሪክ እንግዳ የበለጠበት የመጀመሪያው ዓመት ነው። ሣሩ ያው፣ መልበሻ ክፍሉም ያው ነበር። ሰው ብቻ ጎደለ።

የቦታ ከፍታም አለ፣ ግን ለማጋነን አትቸኩሉ። ቦሊቪያ እ.ኤ.አ. በ2009 ላፓዝ ላይ የማራዶናን አርጀንቲና 6 ለ 1 የሸኘችው ከባሕር ወለል በላይ 3,600 ሜትር ላይ ነው። ያ ሌላ ዓለም ነው። ከአዲስ አበባ ወርዶ ድሬ የሚጫወት ቡድን አየር አያጥረውም፤ የሚያደክመው ፀሐዩ ነው። ለሙቀት የተለየ ቁጥር ስጡት። ዘጠኝ ሰዓት ላይና ማታ በመብራት የሚደረገውንም ለዩ። ድሬ አድጎ ይህን የማይለይ ጌም የሠራ ልጅ ካለ እኔ ጋ እንዳይመጣ።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ላፕቶፓችሁ ላይ ያየሁት የጨዋታ መርሐ ግብር የእንግሊዝ ነው። እያንዳንዱ ቡድን አንዴ በሜዳው፣ አንዴ በሰው ሜዳ። በእኛ ፕሪሚየር ሊግ ግን ይህ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ተቀይሯል። በዚያ ዓመት ቡድኖቹ ሁሉ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ እየተሰበሰቡ ነው የተጫወቱት። ወረቀቱ ላይ አንዱ «ባለሜዳ» ተብሎ ይጻፋል፤ ሁለቱም ግን ከሆቴል ነው የሚመጡት። እናንተ ለዚያ ቡድን 0.3 ጎል በነፃ ትሰጡታላችሁ። ድሬዳዋ ከተማ ደግሞ ዙሩ እዚህ ሲሆን በመርሐ ግብሩ ላይ «እንግዳ» ተብሎ ይጻፍና በገዛ ሰፈሩ ሕዝብ ፊት ይጫወታል። እናንተ ትቀንሱበታላችሁ! ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለ ሕፃን እንኳ የሚያውቀውን ፕሮግራማችሁ አያውቅም።

ስለዚህ «ባለሜዳ ነው ወይስ አይደለም?» የሚለውን አዎ ወይም አይደለም ሰርዙት። በምትኩ ለየቡድኑ ጠይቁ። ስታዲየሙ ያለው በማን ከተማ ነው? ከደጋፊው ስንቱ ሊመጣ ይችላል? ቡድኑ እዚህ ከተማ ስንት ቀን ሰንብቷል? ሦስት ሳምንት ሆቴል የከረመ ቡድን ሜዳውንም ሙቀቱንም ለምዷል፤ ቤቱ ግን ናፍቆታል። ሁለቱም ቁጥር አላቸው።

ይህ ለድሬ አዲስ አይደለም። በየካቲት 1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ አንዱ ምድብ እዚሁ ነበር። ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳንና ዛየር (የዛሬዋ ዲሞክራቲክ ኮንጎ)። አራቱም እንግዳ፣ ሜዳው የማንም አልነበረም። ብሔራዊ ቡድናችን በዚያው ጊዜ አዲስ አበባ ላይ በሕዝቡ ፊት ተጫውቶ ከምድቡ ሳያልፍ ቀረ። በ1954 ዓ.ም. ግን እዚያው አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 ረትቶ ዋንጫ አንሥቷል። ያው ከተማ ነው። 0.3 ጎል ዕድል እንጂ ዋስትና አይደለችም፤ ጌማችሁም አንዳንዴ ባለሜዳውን ያሳዝን።

የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ሰኔ 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፈች። ባለሜዳዋ ኢትዮጵያ ናት። ጨዋታው የተደረገው ግን ሊሎንግዌ፣ ማላዊ ነው። የእኛ ስታዲየሞች መስፈርቱን አላሟሉም ተብሎ። አሁን ያላችሁን ፕሮግራም በዚህ ጨዋታ አስኪዱትና ለኢትዮጵያ ስንት እንደሰጣት ጻፉልኝ። ከዚያ አስተካክሉና እንደገና አስኪዱት። ሁለቱንም ቁጥር ይዛችሁ ቅዳሜ ኑ፤ ፀሐዩ ከበረደ በኋላ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ።