የእናቴን መድኃኒቶች በአንድነት ማን ይያቸው?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። እናቴ 61 ዓመቷ ነው። ዶልቴግራቪር ያለበት የኤችአይቪ መድኃኒት ትወስዳለች፤ አምና ደግሞ ስኳርና ግፊት ተገኘባት። አሁን ሦስት ካርድ፣ ሦስት ቀጠሮ አላት፤ አንዱ ክፍል የሌላውን አያውቅም። “የተቀናጀ አገልግሎት” የሚሉት የት ነው ያለው?

መልስ፦ ከጤና ጣቢያ ይጀምሩ። ለጤና ጣቢያዎች የወጣው አገር አቀፍ የሕክምና መመሪያ ኤችአይቪን፣ ቲቢን፣ ስኳርንና ግፊትን በአንድ ላይ የያዘው ያልተወሳሰበው ሕመም እዚያው እንዲታይ ነው። ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች ለከበደው ናቸው፤ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካላችሁም ሪፈር ይዞ መሄድ ያስፈልጋል።

ችግሩ የሚፈጠረው ክፍሎቹ መካከል ነው። ብዙ ሰው የኤችአይቪ መድኃኒቱን ለስኳር ክፍሉ ይደብቃል። ለምን እንደሆነ ይገባናል፤ ግን ዶልቴግራቪር የስኳር መድኃኒቱን ሜትፎርሚንን በኩላሊት እንዳይወጣ ስለሚያግደው በደም ውስጥ መጠኑ ይጨምራል። አብረው ሲወሰዱ ሜትፎርሚን በቀን ከ1000 ሚሊግራም ባያልፍ ይመከራል። እናትዎ ባለ 500ውን ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ከሆነ የሚወስዱት ከልኩ አላለፈም። ሁለት ሁለት ከሆነ ለሐኪሙ ይንገሩ እንጂ በራሳችሁ አትቀንሱ።

የጨጓራ ማስታገሻ (አንታሲድ) የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ ዶልቴግራቪሩ ከእሱ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ ይዋጥ፤ አለዚያ ሰውነት በደንብ አይቀበለውም። ለጉልበት ሕመም ከፋርማሲ የሚገዛው ዲክሎፌናክም ግፊት ከፍ ያደርጋል፤ ከግፊት መድኃኒቱ ከኢናላፕሪልና ከሚያሸና ኪኒን ጋር ሲሆን ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ቀጠሮ በቤት ያለውን ኪኒን ሁሉ፣ የገዛችሁትንም ጨምሮ፣ በአንድ ፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። ዝርዝሩ በሦስቱም ካርድ እንዲጻፍ ጠይቁ። ቫይረሱ በደንብ በቁጥጥር ሥር የዋለላቸው ሰዎች የ6 ወር መድኃኒት በአንዴ ሊሰጣቸው ይችላል፤ የግፊቱንና የስኳሩን ቀጠሮ ከዚያ ቀን ጋር እንዲያገጥሙላችሁ መጠየቅ መብታችሁ ነው። የኩላሊት (ክሬቲኒን) ምርመራ ቢያንስ በዓመት አንዴ ይደረግ።

ጾም ሲገባ አንድ ነገር ይጠንቀቁ። ግሊቤንክላሚድ የሚባለውን የስኳር ኪኒን የሚወስዱ ከሆነ ሳይበሉ እስከ 9 ሰዓት መቆየት ስኳራቸውን በአደገኛ ሁኔታ ሊያወርደው ስለሚችል ጾሙ ሳይጀመር ሐኪም ያማክሩ። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት ከታየና መዋጥ ከቻሉ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ያጠጧቸው፤ በ15 ደቂቃ ካልተሻላቸው ይድገሙትና ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዷቸው።