አንጀትና አንጎል ምን አገናኛቸው?

ጥያቄ፦ የ19 ዓመት ልጄ ለጉሮሮው ሁለት ጊዜ አሞክሳሲሊን የሚባለውን ባክቴሪያ ገዳይ መድኃኒት ወስዷል። ከዚያ ወዲህ ሆዱ ይነፋል፣ ይነጫነጫል፣ እንቅልፍም የለውም። የአንጀት ባክቴሪያ የአንጎልን ጂን ይቀይራል ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው? የግመል ወተትስ ይረዳው ይሆን?
እናት፣ ከድሬዳዋ ከዚራ

መልስ፦ እናታችን፣ ጂኑ አይቀየርም፤ ልጅዎ የወረሰው እንዳለ ነው። ሊለወጥ የሚችለው ጂኑ የሚሠራበት መጠን ነው። ዲኤንኤ ሂስቶን በሚባሉ ፕሮቲኖች ላይ ተጠቅልሎ ይኖራል፤ ጥቅሉ ከጠበቀ ጂኑ አይነበብም። የአንጀት ባክቴሪያዎች እኛ የማንፈጨውን የጥራጥሬ አሰር ሲያብላሉ የሚያወጡት ቡቲሬት ደግሞ ጥቅሉን የሚያጠብቁ ኤንዛይሞችን ይገታል። አብዛኛውን ቡቲሬት ግን የትልቁ አንጀት ግድግዳ ራሱ ይጠቀምበታል፤ አንጎል ዘንድ የሚደርሰው ጥቂት ነው።

ሌላም መንገድ አለ፤ ከሆድ ወደ አንጎል የሚወጣው ቬገስ ነርቭ። በ2011 በወጣ ጥናት ላክቶባሲለስ ከሚባሉት ባክቴሪያዎች አንዱን ዓይነት የተመገቡ አይጦች ፍርሃታቸው ቀነሰ፤ በአንጎላቸው ጋባ የተባለውን አረጋጊ ኬሚካል የሚቀበሉ ፕሮቲኖች ጂኖች አሠራርም ተለወጠ። ነርቩ ሲቆረጥ ለውጡ አልታየም። ይህ በአይጥ ነው። በሰው ላይ ያለው ማስረጃ ገና ቀጭን ስለሆነ የልጅዎን ንጭንጭ ሁሉ በአሞክሳሲሊን አናሳብብ። ጫት ይቅም እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁት፤ እንቅልፍ ይነሳል፣ ሆድም ያደርቃል።

የግመል ወተት ጥሩ ነው፤ ጥሬውን ግን አይስጡት፣ ብሩሴሎሲስ የሚባል ከእንስሳት የሚተላለፍ በሽታ ሊያስይዝ ይችላል። ያፍሉት። የፈላ ወተት ብቻውን እርጎ አይሆንም፤ የሚያረጉት ባክቴሪያዎች አብረው አልቀዋል። ጠብታው እጅዎ ላይ ለብ ሲል ለ1 ሊትር 2 የሾርባ ማንኪያ አዲስ እርጎ ይጨምሩ። ትኩስ ሳለ ከጨመሩ እርሾው ይሞታል። ከድነው ያስቀምጡ፤ በድሬ ሙቀት ቶሎ ስለሚኮመጥጥ 6 ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ ይቅመሱት። የግመል ወተት እንደ ላም ወተት ጠጥሮ አይረጋም፤ ቀጠነ ብለው እንዳይደፉት።

ከእርጎው ይልቅ እኛ የምናምነው በንፍሮው ነው። እርጎ አዲስ ባክቴሪያ ያመጣል፣ ብዙውም አንጀት ውስጥ አይሰነብትም፤ ጥራጥሬ ግን እዚያው ያሉትን ይመግባል። ሽምብራውን ማታ ዘፍዝፈው፣ ጠዋት ውሃውን ደፍተው በአዲስ ውሃ እስኪበስል ይቀቅሉት። የመጀመሪያውን ሳምንት በቀን ግማሽ የቡና ሲኒ፣ ቀጥሎ አንድ፣ በሦስተኛው ሳምንት ሁለት ይብላ። ባክቴሪያዎቹ አሰሩን ሲያብላሉ ጋዝ ስለሚያወጡ በአንዴ ከበዛበት ሆዱ ይብሱን ይነፋል። የእንጀራ እርሾም ምጣዱ ላይ ይሞታል፤ የጤፉ አሰር ግን ይቀራል።

ሰገራው ደም ካለው ወይም ትኩሳት ይዞት በቀን ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ካስቀመጠው ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። ድብርት ይዞት ሁለት ሳምንት ካለፈው ሐኪም ይየው፤ መኖር ጠላሁ ካለ ደግሞ አንድ ቀን እንኳ አይጠብቁ።

ጉሮሮው ዳግም ቢታመም መድኃኒቱን በግምት አይግዙለት። አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም ከቫይረስ ስለሆነ አሞክሳሲሊን አይነካውም። የስትሬፕ ባክቴሪያ ከሆነ ግን ሳይታከም ሲቀር ልብን ሊጎዳ ይችላልና ታይቶ የታዘዘለትን ሳያቋርጥ ይጨርስ።