ፕሮፖዛሉ ይቆይ፤ መጀመሪያ ተረካቢ ይገኝ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ላላነበቡት ባጭሩ ልድገመው። የምትኖሪው ሜሪላንድ ነው። የአባትሽ አገር ደቡብ ጎንደር ውስጥ ያለች የገጠር ቀበሌ ናት። ንጹሕ ውኃ የላትም፤ ሴቶቹ ወንዝ ድረስ ይወርዳሉ። እናንተ ዘመዳሞች በዋትስአፕ ተጠራርታችሁ የተወሰነ ገንዘብ አዋጥታችኋል፤ አልበቃም። «ግራንት (የማይመለስ የገንዘብ ድጋፍ) ከየት እናገኛለን? ጥሩ ፕሮፖዛል የሚጽፍ ሰውስ የሚያውቅ አለ?» ነው ያልሽው።

ከእኔ በፊት የመለሱልሽ ሰዎች የኤምባሲ ስም ደርድረውልሻል። ደግ አደረጉ። እኔ ደግሞ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ መጀመሪያ በወረዳ ውኃ ጽሕፈት ቤት፣ ኋላም በአንድ ግብረ ሰናይ ድርጅት ስሠራ የማመልከቻዎቹ ተቀባይና መርማሪ ነበርኩ። ካየሁት ልንገርሽ። ማመልከቻ የሚወድቀው አጻጻፉ ስላላማረ አይደለም። ገንዘቡን በሕግ የሚረከብ፣ ሥራው ካለቀ በኋላም ባለቤት የሚሆን አካል ስለሌለ ነው። ችግር እንደሆነ የሌለበት ቀበሌ የለም። ሰጪው የሚፈልገው ተረካቢ ነው።

ይኼ እንዴት እንደሚሠራ በደንብ የታየው እዚያው አማራ ክልል ስለሆነ እሱን ላውራሽ።

የፊንላንድ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ በክልሉ የገጠር ውኃ ሥራ ይደግፍ ነበር። መጀመሪያ ላይ አሠራሩ እንደማንኛውም ፕሮጀክት ነበር። ዕቃውን ፕሮጀክቱ ይገዛል፣ ግንበኛውን ፕሮጀክቱ ይቀጥራል፣ ሕዝቡ ድንጋይና አሸዋ ያቀርባል። እ.ኤ.አ. በ2003 አካባቢ ነገሩን ገለበጡት። ገንዘቡ በቀጥታ ለመንደሩ የውኃ ኮሚቴ ይሰጥ ተባለ። ያኔ ገጠር ውስጥ ባንክ የት ይገኛል? ስለዚህ ብሩ የሚያልፈው በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በኩል ሆነ፤ አሁን ጸደይ ባንክ የሆነው ማለት ነው። ኮሚቴው ማመልከቻ ያስገባል። የወረዳው ባለሙያ ወርዶ ቦታውን ያያል፣ ዲዛይንና የወጪ ግምት ያዘጋጃል። ከጸደቀ ውል ይፈረማል፣ ብሩ በየዙሩ ኮሚቴው ሒሳብ ውስጥ ይገባል። ሲሚንቶና ቧንቧ የሚገዛው፣ ከግንበኛ ጋር የሚዋዋለው ራሱ ኮሚቴው ነው። ሕዝቡ ጉልበትና ቁሳቁስ ያዋጣል። ለወደፊት ጥገና የሚሆን ገንዘብም ግንባታው ሳይጀመር ይቆጥባል።

ብዙ ሰው ያኔ «ገበሬ ይኼን ሁሉ ብር ይዞ? ይበሉታል!» ብሎ ነበር። አልሆነም። እኔ የማስታውሳት አንዲት ገንዘብ ያዥ አለች። ማንበብ እምብዛም አትችልም። ደብረ ማርቆስ ሲሚንቶ ሲጫን ግን መኪናው ጎን ቆማ ከረጢቱን በጠጠር ትቆጥራለች። አንድ ቀን ጎደለባት። ነጋዴው «እኔን አታምኚም?» ብሎ ሊያሾፍባት ሞከረ። ሳይሞላ አልፈርምም አለች፤ ሞላ። የመንግሥት ግዥ ኮሚቴ እንደዚያ ሲቆጥር አይቼ አላውቅም።

አሠራሩ እ.ኤ.አ. በ2011 ኮዋሽ በሚባለው ፕሮግራም ወደ ሌሎች ክልሎችም ሰፋ። በአገር አቀፉ የውኃና ንጽሕና ፕሮግራም ውስጥም ከታወቁት አሠራሮች አንዱ ሆኖ ተቀመጠ። የውኃ ኮሚቴውን ባለሙያዎቹ ዋሽኮ ይሉታል። ወረዳ ስትደውዪ ይኼን ቃል ብትጠቀሚ ቶሎ ትግባቢያለሽ።

ተቃራኒውንም አይቻለሁ። ስሙን የማልጠራው ድርጅት አንድ ጎጥ ላይ የሚያምር ቦኖ ሠራ። ሪባን ተቆረጠ፣ የእብነ በረድ ጽሑፍ ተተከለ። ኮሚቴ ተመርጧል ተባለ እንጂ የባንክ ደብተር የለው፣ መፍቻ የለው። ዓመትም ሳይሞላ አንዱ ቧንቧ መገጣጠሚያው ላይ ፈነዳ። ዕቃው ርካሽ ነው። ግን ማን ይግዛው? ቀበሌው ወደ ወረዳ ጻፈ፣ ወረዳው ወደ ድርጅቱ ጻፈ፣ ድርጅቱ ፕሮጀክቱ ተዘግቷል አለ። ሴቶቹ ወደ ወንዛቸው ተመለሱ። ጽሑፉ ግን አሁንም አለ፣ በደንብ ይነበባል።

እንግዲህ ወደ እናንተ ልምጣ። እናንተ በዋትስአፕ የተሰባሰባችሁ ዘመዳሞች ተረካቢ አይደላችሁም። አትቀየሚኝና፣ ሰጪ የሚባል ሁሉ ለግለሰብ አይሰጥም። ቀበሌው ውስጥ ያለው እድርም ብቻውን ይከብደዋል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እድርንና ዕቁብን አይመለከትም፤ በዚያ አዋጅ የተመዘገቡ ድርጅቶች አይደሉም ማለት ነው። የውጭ ሰጪ ደግሞ የምዝገባ የምስክር ወረቀት ይጠይቃል። ስለዚህ ያላችሁ መንገድ ሁለት ነው። ወይ የወረዳው ውኃ ጽሕፈት ቤት አመልካች ይሆናል፣ ወይ በአካባቢው የሚሠራ የተመዘገበ አገር በቀል ድርጅት ጎን ትቆማላችሁ። አዲስ ድርጅት እናቋቁም የሚል ሐሳብ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ሁሌም ይመጣል። ለአንዲት ምንጭ ብላችሁ ድርጅት አታቋቁሙ። ዓመታዊ ሪፖርቱና የኦዲት ወጪው ብቻውን ያደክማችኋል። እድሩን ግን አትናቁት። መዋጮ የሚሰበስበው፣ ጠብ የሚያበርደው እሱ ነው፤ የኮሚቴው አባላትም ከዚያ ቢወጡ ይታመናሉ።

አሁን ስለ ገንዘቡ ምንጭ። የጃፓን ኤምባሲ ለማኅበረሰብ ፕሮጀክቶች የሚሰጠው አነስተኛ ድጋፍ ለእናንተ ዓይነቱ ሥራ ይመጥናል። ጣሪያው ለረጅም ጊዜ ባብዛኛው 10 ሚሊዮን የን ነበር። ለትምህርት ቤት፣ ለጤና ጣቢያ፣ ለውኃ ይሰጣል። የሚያመለክተው የአካባቢ መስተዳድር ወይም ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። ደመወዝና የሥራ ማስኬጃ አይከፍልም። ስለዚህ «ማን ያንቀሳቅሰዋል፣ ማን ይጠግነዋል» የሚለውን ከራሳችሁ ኪስ መመለስ አለባችሁ። የዓለም አካባቢ ፋሲሊቲ የሚባለው ዓለም አቀፍ የአካባቢ ጥበቃ ፈንድ አነስተኛ ድጋፍ ፕሮግራምም አለ፤ በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በኩል ነው የሚሰጠው። ጣሪያው ለረጅም ጊዜ 50,000 ዶላር ነበር። እሱ ግን የሚያየው አፈርን፣ ደንን፣ አየር ንብረትን ነው። ከምንጩ በላይ ያለው ተዳፋት ከተራቆተ፣ እርከንና ችግኝን ከውኃው ጋር አያይዞ ማቅረብ ይቻላል። ሐሰት አይሆንም፤ ተፋሰሱ ካልተጠበቀ ምንጩም ይደርቃል።

የዓለም ባንክንና የአውሮፓ ኅብረትን እርሺያቸው። የባንኩ ገንዘብ በመንግሥት በኩል ነው የሚመጣው። የኅብረቱ ጥሪዎች ትልልቅ ድርጅቶች የሚወዳደሩባቸው ናቸው። ወረዳው የሴፍቲኔት (የምግብ እጥረት ላለባቸው ቤተሰቦች የሚሰጠው ድጋፍ) ወረዳ ከሆነ ግን አንድ ነገር ጠይቂ። ከ1997 ዓ.ም ጀምሮ ያለው ይኼ ፕሮግራም በማኅበረሰብ ሥራ ኩሬ፣ እርከንና የገጠር መንገድ ያሠራል። የየዓመቱ ዕቅድ ከቀበሌ ነው የሚነሣው። የቁፋሮው ጉልበት በዚያ ዕቅድ ከተያዘ በጀታችሁ ይቀልላል።

አሜሪካ ስላለሽ ስለ አሜሪካ ገንዘብ የሚነግርሽ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. ከጥር 2025 ወዲህ የሆነውን ታውቂያለሽ። የውጭ እርዳታው በትእዛዝ ቆመ፤ ዩኤስኤድም በዚያው ዓመት ተዘጋ። አገር ቤት ያሉ ብዙ ድርጅቶች ሠራተኛ በትነዋል። ስለዚህ በቀሩት ሰጪዎች ደጅ ሰልፉ ረዝሟል። የቆየ የሰጪዎች ዝርዝር ቢልኩልሽ አትመኚው።

የእናንተ መዋጮ ትንሽ ነው ብለሻል። እኔ ብሆን ማመልከቻው ላይ መጀመሪያ የምጽፈው እሱን ነበር። በአጼ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የጉራጌ ተወላጆች መንገድ ለማሠራት ማኅበር ሲያቋቁሙ ራሳቸው አዋጥተው ነው ወደ አውራ ጎዳና መሥሪያ ቤቱ የሄዱት። መንግሥትም ከጎናቸው ገባ። ባዶ እጁን የመጣና የራሱን ይዞ የመጣ እኩል አይታይም። አንድ ነገር ልጨምር፦ እዚያ አሜሪካ ብዙ ቀጣሪዎች ሠራተኛ የሰጠውን ያህል ይጨምራሉ። ግን የሚጨምሩት ለተመዘገበ በጎ አድራጎት ሲሰጥ ነው፤ ፋይቭ ኦ ዋን ሲ ስሪ የሚሉት። በዘመድ ሒሳብ ከሰበሰባችሁ ይኼ ያመልጣችኋል። ቀድሞ የተመዘገበ የአገር ልጆች ማኅበር ካለ በእሱ በኩል ብትሰበስቡ ይሻላል።

ሰነዱ ላይ ብዙ አልቆይም። የሕዝቡ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ከነፊርማው፣ የኮሚቴው ምርጫ (ሴቶች ይግቡበት፤ ውኃ ቀጂዎቹ እነሱ ናቸው)፣ የወረዳው የድጋፍ ደብዳቤ፣ ዲዛይንና የወጪ ግምት፣ ከሦስት አቅራቢ ፕሮፎርማ፣ የጉልበት መዋጮው በብር ተተምኖ። ከዚህ ሁሉ የሚረሳው የመሬቱ ነገር ነው። ምንጩ የፈለቀበት ማሳ የማን ነው? ባለይዞታው በጽሑፍ ተስማምቷል? ከታች በዚያ ውኃ መስኖ የሚያጠጣ ገበሬስ አለ? ይኼ ሳይነጋገሩበት ተቆፍሮ ቧንቧ ሌሊት ሲቆረጥ አይቻለሁ።

የምንጩ መጠን የሚለካውም በበጋ ነው። ጥቅምት ላይ የተለካ ምንጭ ሚያዝያ ላይ ያሳፍራል። አንድ ሰው ባልዲና ሰዓት ይዞ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ባልዲው በስንት ሰኮንድ እንደሚሞላ ይጻፍ። ለመርማሪው ይኼ ከአሥር ገጽ መግቢያ ይበልጣል። ጥራቱንም አስመርምሩ።

ዋጋ ላይ ደግሞ ጥንቃቄ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም ላይ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ፣ በ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። በብር የተፈረሙ ውሎች መካከል ላይ ገንዘብ አለቀባቸው። ግምቱ ላይ መጠባበቂያ ይኑር። ቧንቧውና መገጣጠሚያው ቀድሞ ይገዛ፣ ድንጋዩ ይደርሳል። አሸዋና ድንጋይ የሚሸጥ ገበሬ የታተመ ደረሰኝ የለውም። ሻጩ ፈርሞ ቀበሌው ማኅተም ያደረገበት የግዥ ሰነድ ይቀበሉ እንደሆነ ውሉ ሳይፈረም ጠይቁ። ኦዲተር ሲመጣ መጨቃጨቅ ዋጋ የለውም።

ፕሮፖዛል ጸሐፊ ስለፈለግሽው፦ ግራንቱ ሲገኝ በመቶኛ እወስዳለሁ ከሚልሽ ሰው ራቂ። ሰጪዎቹ ያንን ወጪ አይቀበሉም፤ ብሩ ከውኃው ላይ ነው የሚቆረጠው። ቴሌግራም ላይ «ግራንት ጸድቆልሻል፣ የማስፈጸሚያ ክፍያ ላኪ» የሚል ቢመጣ ሌባ ነው። እውነተኛ ሰጪ ብር አስቀድሞ አያስከፍልም። ጽሑፉን ከወረዳው ባለሙያ ጋር አንዱ የአጎት ልጅ ቁጭ ብሎ ቢጽፈው ይበቃል። እንግሊዝኛው አንቺ ዘንድ ይስተካከላል።

ጸጥታውን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። አሁን ባለው ሁኔታ ብዙ ድርጅቶች ወደ ገጠር ቀበሌ ባለሙያ ለማውረድ ያመነታሉ። ሰጪም ቦታውን ሳያይ አይፈርምም። ስለዚህ ዘንድሮ ገንዘቡ ባይመጣም ልኬታውን፣ ኮሚቴውን፣ የባንክ ሒሳቡንና የመሬት ስምምነቱን ጨርሳችሁ ጠብቁ። እነዚህ የፈረንጅ ብር አይጠይቁም።

የወረዳውን ስም ብትጽፊልን እዚያ የሠራ ሰው ከዚህ ግሩፕ አይጠፋም። ምንጭ ነው ያሰባችሁት ወይስ የእጅ ጉድጓድ? ከመንደሩ በላይ የሚገኝ ምንጭ ከሆነ ውኃው በራሱ ቁልቁል ስለሚወርድ ነዳጅም ሞተርም የለበትም፤ እንዲያ ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ። ጥልቅ ጉድጓድ ከሆነ ግን ከላይ ያልኩት ሁሉ ወጪው ይለወጣል፤ ለብቻው እንነጋገርበታለን።